የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዋና የጨለመው ስክሪን

ሶዶ ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚፈለገው ድንኳን ነው፤ ቀጥሎ የምትፈለገው አስካለች ናት።

አስካለች ባዳቾ የአምስተኛ ክፍል አማርኛ መምህርት ናት። ጠዋት ታስተምራለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ትጽፋለች። ለዚህ ሥራ የቀጠራት የለም። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አረፉና ታሪካቸውን የሚጽፍ ሰው ጠፋ፤ «አንቺ የአማርኛ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?» ተብላ በግድ ጻፈች። ዘበኛው ግቢ ውስጥ የወደቀ እርሳስ እየለቀሙ በማግስቱ በር ላይ ቆመው ለየባለቤቱ ይመልሱ እንደነበር የሚናገረው መስመር ሲነበብ፣ ሕዝቡ እየሳቀ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ በሯ እረፍት አግኝቶ አያውቅም። ከሻንቶ ይመጣሉ፣ ከቢጠና ይመጣሉ፣ ዓይናቸው እንዳበጠ ሶፋዋ ላይ ቁጭ ብለው «ቲቸር፣ እንግዲህ አደራ» ይሏታል።

ሌላው ጸሐፊ ለሞተ ሁሉ «ሩኅሩኅ፣ ደግ፣ ሰው አክባሪ» ብሎ ያልፋል። አስካለች ግን ትጠይቃለች። ሲናደድ ምን ያደርግ ነበር? የሚወደው ምግብ ምን ነበር? ማንን ነበር የሚፈራው? መልሱን በሙሉ ሰምታ ቤተሰቡን ትሸኝና በሯን ዘግታ ብቻዋን ትጽፋለች። ሳያልቅ ለማንም አታሳይም። ባሏ ትግሉ እንኳ በትከሻዋ በኩል አጮልቆ ካየ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንሥታ እስኪሄድ ትጠብቃለች።

የምትጽፍበት ላፕቶፕ አሮጌ ነው። በአንድ ወቅት በትርፍ ጊዜዋ ትሠራበት የነበረ ፕሮጀክት ሲዘጋ ለመታሰቢያ ሰጧት። ሲከፈት ያቃስታል፤ አንዳንዱ ቁልፍ ላይ ያለው ፊደል በመነካት ብዛት ጠፍቷል። ቢሆንም ተግባብተዋል። ቀስ ይላል እንጂ አሳፍሯት አያውቅም ነበር፤ ትግሉ እጁን እስኪያስገባ ድረስ።

ትግሉ የዞን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ የሚሠራን ነገር ማሻሻል መውደዱ ነው። ደህና ይዘጋ የነበረውን በር «ትንሽ ላስተካክለው» ብሎ ነካክቶት፣ በሩ ክረምቱን ሙሉ በገመድ ሲታሰር ከርሟል። አንድ ዓርብ ታዲያ ላፕቶፑን ሳይነግራት ቢሮ ወሰደው። እዚያ ኢንተርኔቱ ጥሩ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦላት፣ ስጦታ እንዳመጣ ሰው ፈገግ ብሎ ቆመ።

«ሲስተሙን አፕግሬድ አደረግኩልሽ። አሁን አዲስ ሆነልሽ ማለት ነው።»

«አዲስ እንዲሆን ማን ጠየቀህ?»

«ራሱ ነዋ! ስከፍተው ‹አሻሽሉኝ› እያለ ይለምን ነበር።»

አስካለች ከፈተችው። የአምራቹ ምልክት ፏ ብሎ በራ። ትግሉ «አየሽ!» አለ። ወዲያው ዋናው ገጽ ሊገባ ሲል ድርግም አለ።

ጠፍቶ ግን አልነበረም። ጠጋ ብላ በጎን ስታየው ፊደሎቹ ከጨለማው ውስጥ እንደ ጥላ ይታያሉ። የፀሐይ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ስትጫን ብርሃኑን የሚያሳየው መስመር በጭላንጭል ወደ ላይ ይወጣል፤ መቶ ደርሻለሁ ይላል፤ ስክሪኑ ግን ያው ጨለማ ነው።

«ዓይን እስኪለምደው ነው» አለ ትግሉ።

«ዓይኔ ጨለማ ማየት ይልመድ?»

ቀኑን ሙሉ እሱ ሲነካካ እሷ ቆማ ስትቆጣ ዋሉ። አጥፍቶ አበራው። ባትሪውን አውጥቶ መለሰው። ስልኩ ላይ ቪዲዮ ከፍቶ አንድ ሰው በማይገባው ቋንቋ የሚያደርገውን እያየ ተከተለ፤ መሐል ላይ መብራት ሄደ፤ መብራቱ ሲመለስ ቪዲዮው የቱ ጋ እንደነበር ጠፋበት። አመሻሹ ላይ «መጀመሪያውኑ ስክሪኑ ደክሞ ነበር» ማለት ጀመረ። ሰው ያበላሸውን ነገር «አላውቅም ነበር፣ ይቅርታ» ቢል ግማሹ ይቀላል፤ ትግሉ ግን ዕቃውን ማማት ያዘ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ባጃጅ ይዛ መነኸሪያ አካባቢ ወዳለው ጥገና ቤት ሄደች። ባለሙያው ህብረት ይባላል። ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ።

«ስክሪኑ ሞቷል። ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው።»

«የሞተ ከሆነ መጀመሪያ ሲከፈት እንዴት ይበራል?»

«መጀመሪያ ላይማ ይበራል።»

«እኮ፣ ለምን?»

«እንግዲህ እንደዚያ ነው፣ ቲቸር።»

«የሞተውንና ያልሞተውን እኔ አውቃለሁ» አለችና ላፕቶፗን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች። ሲከፈት የሚበራ መብራት አልተቃጠለም። አንድ ነገር ነው የሚያጠፋው። እዚህ ድረስ ገብቷታል። ግን ያንን አንድ ነገር ለመፈለግ የሚታይ ስክሪን ያስፈልጋል፤ እሷ ያላት ደግሞ የማይታይ ነው። ይኼ ሐሳብ እየተመላለሰ ቤቷ እስክትደርስ አናደዳት።

በማግስቱ ጠዋት ለትምህርት ቤቱ ማስገባት የነበረባት የፈተና ጥያቄ ነበር። አንድ ዘዴ መጣላት። በረንዳው ላይ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ጋቢ ከነራሷ ተከናነበች። እውነትም የውጪው ብርሃን ሲጠፋ ፊደሉ ትንሽ ታየ። ሙቀቱ ግን አይቻልም፤ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ይገባል። አንድ መስመር ጽፋ ስታበቃ ሌላ ቦታ ላይ እየጻፈች እንደነበር ታያለች። ከጋቢው ሥር ሆና «ኧረ በጌታ! ኧረ አሁንስ መረረኝ! አሁንስ በቃኝ!» ትላለች።

ጎረቤቷ ወሰንየለሽ ወንፊት ልትዋስ የመጣችው በዚህ ሰዓት ነው። ከነራሱ የተከናነበ፣ የሚንቀጠቀጥና «በቃኝ» የሚል ጋቢ አየች። ድምፅ ሳታሰማ ተመልሳ ወጣች። ትንሽ ቆይታ ከሦስት የጸሎት ኅብረት ሴቶች ጋር መጣች። አስካለች እግር ኮቴ ሰምታ ገልጣ ከመውጣቷ በፊት አራት ሰው እጁን አናቷ ላይ ጭኖ ነበር።

«ምንድነው? ማነው?» አለች ከውስጥ።

«እኛ ነን አስኩዬ፣ እህቶችሽ ነን። አልቅሺ፣ ይውጣልሽ።»

«ላፕቶፑ ነው እኮ! ጨለመብኝ!»

ሴቶቹ የሰሙት «ጨለመብኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ጸሎቱ ጨመረ። አንዷ «ጨለማውን ገሥጽ!» እያለች እንባዋን ታፈሳለች። አስካለች ሰዎቹን ትወዳቸዋለች፤ ጸሎት አቋርጣም አታውቅ፤ ስለዚህ እስኪያበቃ ድረስ እዚያው ጋቢ ውስጥ እየቀለጠች «አሜን» ስትል ቆየች። በመጨረሻ ስትገለጥ ፊቷ በላብ ርሶ ስላዩት ያለቀሰች መሰላቸው። ነገሩን አስረዳቻቸው። ከዚያ ወሰንየለሽ ላፕቶፑን እያየች «እንግዲህ ከመጣን አይቀር ለእሱም እንጸልይ» አለች።

በማግስቱ ማክሰኞ ርእሰ መምህሩ በአስተማሪዎች ክፍል በር ላይ አስቆማትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤት ውስጥ ከትግሉ ጋር ችግር አለ እንዴ? ሰው ሲያወራ ሰማሁ» አላት።

«አዎ፣ አለ» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

እኩለ ቀን ላይ ቤቷ ስትደርስ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው አገኘች። ወንዱ ቃለሕይወት ይባላል፤ ተበላ ከተማ ውስጥ ሱቅ አለው። ሴቲቱ ታናሽ እኅቱ አሳየሽ ናት፤ ሶዶ ሆስፒታል አጠገብ ምግብ ትሸጣለች። እናታቸው ወይዘሮ ትዕዛዝ ሻንቆ ሌሊት ተበላ ቤታቸው አርፈዋል። ቀብሩ ነገ ከሰዓት በኋላ ነው።

«ቲቸር፣ የእርስዎን ጽሑፍ ሰምቼ አውቃለሁ» አለ ቃለሕይወት። «ለእናቴ ሌላ ሰው እንዲጽፍላት አልፈልግም።»

አስካለች እምቢ ማለት አልቻለችም። አስገባቻቸው፤ ውሃ ሰጠቻቸው። ትግሉ ለምሳ ቤት መጥቶ ስለነበር ሁሉንም ሰማ።

«በእጅሽ ጻፊዋ» አላት ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ።

በእጇ እንደማይሆን እሱም ያውቃል። የአስካለች የእጅ ጽሑፍ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያምራል፤ ወረቀት ላይ ግን ከራሷ በስተቀር ማንም አያነበውም። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ በእጇ የጻፈችውን አንድ ሽማግሌ ቀብር ላይ ሲያነቡ «የሰባት ልጆች እናት» የሚለውን «የሰባት ሌቦች እናት» ብለው አነበቡት። ሰባቱም ልጆች ከፊት ቆመው ነበር። ከዚያ ወዲህ በታይፕ ያልተጻፈ ወረቀት ከቤቷ አይወጣም።

ትግሉ ትንሽ አሰበና «ቴሌቪዥኑስ?» አለ።

«ቴሌቪዥኑ ምን?»

«ቢሮ ላፕቶፕን ከቴሌቪዥን የሚያገናኝ ገመድ አለ። ለስብሰባ የምንጠቀምበት ነው። ላፕቶፑ የሚያሳየውን ሁሉ ቴሌቪዥኑ ያሳይልሻል።»

«ቅዳሜ ለምን አልነገርከኝም?»

«ቅዳሜማ አልመጣልኝም።»

አስካለች ሄዶ እንዲያመጣው በጣቷ በሩን አሳየችው። አፏን ብትከፍት ሐዘንተኞቹ ይሰሙ ነበር።

ገመዱ መጣ፤ ተሰካ፤ የሳሎኑ ቴሌቪዥን ቦግ አለ። ከቅዳሜ ጀምሮ ያላየችው ገጽ ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ ስታይ ደስ ሊላት ሲል አንድ ነገር ገባት። ቴሌቪዥኑ ያለው ሳሎን ነው። ሐዘንተኞቹም ሳሎን ናቸው። ወንድምና እኅት፣ ትግሉ፣ ለማጽናናት ብላ የመጣችው ወሰንየለሽ፣ ሁሉም ሶፋው ላይ በረድፍ ተቀምጠው ባዶውን ነጭ ገጽ እየጠበቁ ነው። «ውጡልኝ» ብትል ከተበላ ድረስ የመጡትን ሰዎች የት ትሰዳቸዋለች? ማንም ሳያያት የምትጽፈው ሴት፣ አሁን እያንዳንዱን ፊደል የሰው ጣት በሚያህል መጠን እያሳየች ልትጽፍ ነው።

«ወይዘሮ ትዕዛዝ ሻንቆ» ብላ ጀመረች።

«ሻንቆ ላይ ስሙ አይጠብቅም እንዴ?» አለ ትግሉ።

«ማጥበቅ በአማርኛ አይጻፍም» አለች ሳትዞር።

«በሁምቦ ወረዳ ተበላ ከተማ ተወለዱ» ስትል አሳየሽ «ተበላ አይደለም» አለች፤ «ከከተማው ውጪ ነው፤ ወደ ተበላ የመጣችው በኋላ ነው።» ቃለሕይወት «ስትወለድ አንቺ ነበርሽ?» አላት። አስካለች ጻፈች፣ አጠፋች፣ ደግሞ ጻፈች። ወሰንየለሽ ሟችን ባታውቃቸውም «‹እግዚአብሔርን ፈሪ› የሚለው መጀመሪያ ይሁን» አለች። ትግሉ «አራት ነጥብ ረሳሽ» አለ። አስካለች ዓረፍተ ነገሩን ገና አልጨረሰችም ነበር። ለአንድ አፍታ ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ነቅላ፣ ላፕቶፑንም ሶዶንም ትታ በእግሯ ወደ ዳሞታ ተራራ መውጣት አማራት።

«ሁላችሁም ዝም በሉ» አለች በመጨረሻ፤ ክፍል ውስጥ በምትናገርበት ድምፅ። ዝም አሉ።

ጥያቄዎቿን ጠየቀች። ወይዘሮ ትዕዛዝ ተበላ ገበያ ላይ ቅቤና ዝንጅብል ይሸጡ እንደነበር፣ የገበያ ቀን ሲያልቅ ያልተሸጠውን ተሸክመው በእግራቸው ሌላ ገበያ እንደሚሄዱ፣ ሲናደዱ ድምፃቸው ከፍ ሳይል እንዲያውም እንደሚቀንስ፣ ዳጣ በጣም የሚያቃጥል ካልሆነ ምግብ በላሁ እንደማይሉ ነገሯት። መስመሩ መሙላት ጀመረ። ሶፋው ላይ አሳየሽ እየሳቀች እንባዋን ትጠርጋለች።

ከዚያ ቃለሕይወት፣ ቀድሞ እንዳሰበበት በሚያሳብቅ አነጋገር «‹ከባለቤታቸው ጋር በፍቅርና በመከባበር ኖሩ› ይበል» አለ። አስካለች ጻፈችው። ይኼ ዓረፍተ ነገር በሁሉም ሰው ታሪክ ውስጥ ስላለ እጇ ሳታስበው ይጽፈዋል።

ፊደሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ቆመ። አሳየሽ አነበበችው።

«ይሄ ይጥፋ» አለች።

«አሳየሽ» አለ ወንድሟ።

«ይጥፋ ነው ያልኩት። አባታችን ጥሏት ሄዷል። እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር። እርሻ ልማት ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄዶ እዚያው ሌላ ትዳር ይዞ ቀረ። ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«ቀብር ላይ ይሄ አይነገርም። አባታችንን በሰው ፊት ልታዋርጂው ነው?»

«እሱን ማን አነሣው? እኔ የምለው እናታችን አዬ ያልኖረችውን ኑሮ ኖረች አይባል ነው። ነገ ቆሜ ይሄንን ልሰማ ነው? መቃብሯ አፍ ላይ?»

አስካለች እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። እንደ ልማዷ ቢሆን ኖሮ ይህን ዓረፍተ ነገር በሯን ዘግታ ጽፋ ለታላቅ ወንድምየው ታስረክብና፣ አሳየሽ ነገ ድንገት ከሕዝብ መሐል ትሰማው ነበር። እንደዚያ የሰሙ ስንት ሰዎች ይኖሩ ይሆን ብላ አሰበች። ስንቱን «በፍቅርና በመከባበር» ጽፋ አልፋለች።

«እናታችሁ ራሳቸው ስለ እሱ ምን ይሉ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ቃለሕይወት «ክፉ ቃል ተናግራ አታውቅም» አለ።

«በፍቅር ኖርን ብላም አታውቅም» አለች አሳየሽ።

አስካለች ዓረፍተ ነገሩን ፊደል በፊደል አጠፋችው። ሁሉም ቴሌቪዥኑ ላይ ፊደሎቹ ከኋላ ወደ ፊት ሲሄዱ አዩ። በቦታው «ልጆቻቸውን ለብቻቸው አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አበቁ» ብላ ጻፈች፤ አራት ነጥቧን አድርጋ ጠበቀች።

ቃለሕይወት ደጋግሞ አነበበው። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። «ለብቻዋ» አለ ቀስ ብሎ። «እውነት ነው። ይሁን።» አሳየሽ እጇን ጉልበቱ ላይ አደረገች።

ጽሑፉ አልቆ በፍላሽ ተገለበጠ፤ ወንድምና እኅቱ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዱ። አስካለች ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ከቅዳሜ ጀምሮ የፈለገችው የሚታይ ስክሪን ፊቷ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈተች፤ ስክሪን የሚለውን አገኘች።

«አትንኪው!» አለ ትግሉ።

«አንተ ነካህ አይደል?»

«እሱ ድራይቨሩ ነው።»

«የምን ድራይቨር?» አለች ወሰንየለሽ። «መኪና ነው እንዴ?»

«ስክሪኑን የሚያዘው ፕሮግራም ነው እንጂ። አዲሱ ሲስተም ሲገባ አዲስ ድራይቨር ይዞ ይመጣል።»

አስካለች ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። አዲሱ ድራይቨር የገባበት ቀን ዓርብ ነው። ከሥሩ «ወደ ቀድሞው መልስ» የሚል ቁልፍ አለ። ማለትም ስክሪኑን የሚያዘው አሮጌ ፕሮግራም ወጥቶ፣ ይህን አሮጌ ላፕቶፕ የማያውቅ አዲስ ፕሮግራም ገብቶበታል። ብርሃን ጨምር ሲባል የሚጨምር ይመስለዋል እንጂ የስክሪኑ አምፖል ጋ አይደርስም።

ተጫነችው። ቴሌቪዥኑም ላፕቶፑም አንድ ላይ ድርግም አሉ።

«አልኩሽ!» አለ ትግሉ።

ክፉ ቃል ከአፏ ሊወጣ ሲል የላፕቶፑ ስክሪን ራሱ በራ። እንዲያውም ከመጠን በላይ ስለበራ ሦስቱም ዓይናቸውን ጨፈኑ። አስካለች የፀሐይ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልጋ ቀስ፣ ቀስ እያለች አወረደችው። ወረደላት።

«አየሽ? ማሻሻሉ በራሱ ጥፋት አልነበረውም፤ ትንሽ ነገር ነበር የቀረው» አለ ትግሉ።

አስካለች አየችው። የአራት ቀን መልስ ተጠራቅሞላት ነበር። ከዚያ ገመዱን ያመጣው እሱ መሆኑ ትዝ አላትና ዋጠችው። «እሺ» አለች ብቻ፤ ግን የላፕቶፑን የይለፍ ቃል በዚያው ዕለት ቀየረችው።

ረቡዕ ተበላ ላይ ፀሐዩ ይፋጅ ነበር። መዘምራኑ ዘመሩ፤ አንድ ወንጌላዊ ታሪኩን አነበቡ። ዳጣው ጋ ሲደርሱ ሰዉ ፈገግ አለ። «ለብቻቸው አሳድገው» የሚለው ሲነበብ ከኋላ የቆሙ የገበያ ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዷ በወላይትኛ «እኛ ምስክር ነን» ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች። ቃለሕይወት አንገቱን አልደፋም። አሳየሽ እጁን ይዛ ነበር።

ሌላ ሰው ባይሰማ ኖሮ ነገሩ በዚህ ያበቃ ነበር። አሳየሽ ግን ታሪኩ እንዴት እንደተጻፈ ለደንበኞቿ ሁሉ አወራች። በቀጣዩ ሳምንት አንድ ሉካንዳ ቤት የነበራቸው አዛውንት አረፉና ቤተሰቡ መጣ፤ ወንዶች፣ ሴቶች፣ አማቾች፣ ሶፋው የማይበቃቸው። አስካለች እንደ ድሮዋ ሰምታ ልትሸኛቸው ስትነሣ ማንም አልተነሣም።

«በቴሌቪዥኑ ነው አይደል የሚጻፈው?» አለ ታላቅየው።

«ላፕቶፑ ተሠርቷል» አለች።

«ይሁን፣ ቲቸር። እኛ ግን እያየን እንዲጻፍ ነው የመጣነው።»

ከጓዳ «ገመዱ እዚህ አለ!» የሚል የትግሉ ድምፅ ተሰማ። አስካለች በረጅሙ ተነፈሰች። ተጨማሪ ወንበር ከወሰንየለሽ ቤት እንዲያመጡ ላከችና፣ ላፕቶፑን ከፍታ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘች። ነጩ ገጽ ግድግዳው ላይ ተዘረጋ። ወደ ሰዎቹ ዞረችና «አንድ በአንድ ነው የምትናገሩት» አለች። «ሲናደዱ ምን ያደርጉ ነበር?»

ሁሉም አንድ ላይ መናገር ጀመሩ።